በማርያም ዕለት የከፈትኩት ቦይ

ይህን ነገር ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህን አንዱን እየዘለልኩ አልፌያለሁ። መቆጣቴን ተናግሬያለሁ፤ ማማቴን ተናግሬያለሁ፤ ጾም መሻሬን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ቦዩን ግን አልተናገርኩም። አሁንም ዓረፍተ ነገሩን ጽፌ አጠፋዋለሁ፤ ተነሥቼ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ተመልሼ እከፍተዋለሁ፣ እንደገና ቁጭ እላለሁ። እንግዲህ ይኸው፦ በማርያም ዕለት የቦዩን አፍ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የተቀጣበት ግን ሌላ ሰው ነው።

ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግሁ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ከሰፈሬ አልፌ ወርጄ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ነው? እንጃ። ትንሽ እንድታዝኑልኝ ሳልፈልግ አልቀርም። ግን አትዘኑልኝ፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ርእስ መስኖ በአኩሪ አተር ምርትና በፍሬው ጥራት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነበር። ከማክሰኝት አለፍ ብሎ፣ ወደ እንፍራንዝ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ገበሬዎች ከአንዲት ትንሽ ወንዝ ውሃ ጠልፈው በበጋ የሚያለሙት ዋልካ መሬት አለ። አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ ከማሳቸው ከፊሉን ሰጡኝ። ውላችን ቀላል ነበር። ለምርምር የሚያስፈልገኝን ናሙና እኔ እወስዳለሁ፤ የቀረው እህል የእሳቸው ይሆናል።

ማሳውን በትናንሽ መደቦች ከፈልኩት። አንዳንዱ መደብ ከዘር እስከ መድረሻው ውሃ አይጓደልበትም። አንዳንዱ አበባ በሚያወጣበት ጊዜ ይቋረጥበታል። የቀሩት ደግሞ ፍሬው መሙላት ሲጀምር ይነፈጋሉ። ማወቅ የፈለግሁት፣ ውሃ የሚያጥረው ገበሬ የትኛውን ጊዜ ሳያጠጣ ቢያሳልፈው ጉዳቱ እንደሚቀንስለት ነው። አኩሪ አተር አበባው ላይ ሲጠማ አበባውን ያራግፋል፤ የተረፈችውን ግን በኋላ ውሃ ካገኘ ሊሞላት ይችላል። ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ከተጠማ ግን ፍሬው ያንሳል፣ ይጨማደዳል፣ አንዳንዱም አረንጓዴ እንደሆነ ይደርቃል። ይህን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። በዚያ አፈር ላይ ምን ያህል እንደሆነ መመዘን ነበር ሥራዬ።

አያ ደምሌ ውሃ የተከለከሉትን መደቦች አልፈው በሄዱ ቁጥር ይቆማሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ምን በደሉሽና ነው እንዲህ የምታስጠሚያቸው?»

«ጥናት ነው እኮ፣ አያ ደምሌ።»

«እንግዲያ ቀጥሎ በሬዎቼን እንዳታጠኚብኝ!» ብለው በራሳቸው ቀልድ እየሳቁ ይሄዳሉ።

ስለ እሳቸው አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አያ ደምሌ ሀብታም አይደሉም፤ የተማሩም አይደሉም። ያላቸው ነገር ቃላቸው ነበር። ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞች፣ የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ከብቱ የሰው እህል የበላበት ሰው፣ ሁሉም እሳቸውን ሽማግሌ ብሎ ይጠራ ነበር። እሳቸው «በዓይኔ አይቻለሁ» ካሉ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። እኔ የወሰድኩባቸው ይህንን ነው።

በዚያ ቦይ ውሃው የሚሄደው በተራ ነው። ተራውን የሚያስጠብቁት በገበሬው የተመረጡ ሰው ናቸው፤ የውሃ አባት ይባላሉ። በዚያ ዓመት የውሃ አባቱ አያ ወርቁ ነበሩ፣ ድምፃቸው ከወንዙ ማዶ የሚሰማ ግዙፍ ሰው። በየወሩ በማርያም ዕለት ግን ተራ የለም። በዋዜማው ሁሉም የየማሳውን የቦይ አፍ በጭቃና በሣር ይደፍናል። ዕለቱን አፈር የሚነካ ሰው የለም። ውሃው ዋናውን ቦይ ይዞ ይወርድና፣ በሌላ ቀን ወደማይደርስበት ወደ መጨረሻው ማሳ ራሱ ገብቶ ያጠጣል። ያ ማሳ የእትዬ ጥሩ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚያርሱት መሬት ነው። በአዘቦት ቀን ከላይ ከላይ እየተጠለፈ ስለሚያልቅባቸው፣ ደህና አድርጎ ውሃ የሚያገኙት በዚያች ቀን ነበር። የማርያም ውሃ ይሏታል።

ይህን አላውቅም ነበር ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። ግን አውቅ ነበር። አያ ደምሌ ገና ዘር ስንዘራ አስረድተውኛል፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን እንደ በዓል ወግ ነው። በዚያ ቀን ውሃው ባለቤት የለውም ብዬ ያዝኩት። ባለቤት እንዳለው፣ ባለቤቱም ከቦዩ ጫፍ ቆመው እንደሚጠብቁት አልታየኝም። ለምን አልታየኝም? ማየት ስላልፈለግሁ ነው?

ፍሬው መሙላት በጀመረበት ሰሞን አማካሪዬ ጠሩኝና ጎንደር ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ለአያ ደምሌ አጥብቄ ነገርኳቸው፤ እኔ ከሌለሁ በእኔ መደቦች ላይ ጠብታ ውሃ እንዳይገባ አልኳቸው። ጠንቃቃ ነኝ፤ ውሃው በትክክለኛው መደብ እንዲገባ ራሴ ቆሜ ማየት አለብኝ። እሳቸውም እንዳልኳቸው አደረጉ። ጎንደር ላይ ቀን ተጨማመረብኝ፣ ተራችንም አለፈ። ስመለስ ሙሉ ውሃ ማግኘት የነበረባቸው መደቦች ቅጠላቸውን ገልብጠው ነጣ ያለ ጀርባቸውን ወደ ላይ ሰጥተዋል። አኩሪ አተር ሲጠማ እንዲህ ያደርጋል። ውሃ እንዲቋረጥባቸው ከተፈረደባቸው መደቦች መለየት አቃተኝ። ሁሉም እኩል ከተጠሙ የእኔ ሙከራ ሙከራ አይደለም።

መፍትሔው ግን ቀላል ነበር። አያ ወርቁን መለመን ብቻ! ተራ ያለፈበት ሰው ሄዶ ከነገራቸው በጩኸት ይሳደባሉ፤ ከዚያ ይሰጣሉ። ሲሰጡ አይቻለሁ። በማርያም ዋዜማ መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

«ምነው ተማሪዋ፣ ጠፋሽ! ማሳሽ ሸጋ ነው?»

«ሸጋ ነው» አልኩ።

«ሁሉ ደህና?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሄዱ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። «ተራዬ አልፎብኛል» ለማለት ሁለት ቃል በቂ ነበር። ስንት ጊዜ ያንን መንገድ በሐሳቤ ተመልሼ ሄጄበታለሁ! ስንት ጊዜ ከኋላቸው ሮጬ ነግሬያቸዋለሁ!

በማርያም ዕለት ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ከተከራየሁበት ከማክሰኝት በባጃጅ ወርጄ ወደ ማሳው ሄድኩ። ልየው ብቻ ብዬ ነበር። ዋናው ቦይ ጢም ብሎ ይፈሳል። የእኛ ቦይ አፍ በጭቃ ተደፍኗል። የአያ ደምሌ ዶማ ከማሳ መጠበቂያ ጎጇቸው ማገር ጋር ተደግፎ ነበር። አነሣሁት። ያን ጊዜ አላፈርኩም። ሰው ለመለመን የሚያፍር እጄ ለመስረቅ አላፈረም። ጭቃውን ናድኩት፣ ውሃው ገባ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር ካልኩ ይህንንም መናገር አለብኝ፣ ደስ አለኝ። ቅጠሉ ሥር ውሃው ሲርመሰመስ ቆሜ እያየሁ ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ድንበሩ ተሸነቆረ። የለፋሁበት በመደቦቹ መካከል ያለው አፈር በአንድ በኩል ተናደና ውሃው፣ ፍሬ ሲሞላ እንዳይጠጡ ወደ ተወሰኑት መደቦች ተሻገረ። በእጄም በዶማውም ልመልሰው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። የቦዩን አፍ መልሼ እስክደፍን ድረስ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። ዶማውን አጠብኩ፣ ወደ ነበረበት መለስኩ፣ ጫማዬን ሣር ላይ ጠረግሁ፣ ማክሰኝት ተመለስኩ። ምግብ ቤት ገብቼ በላሁ። ተርቤ ነበር፤ በደንብ በላሁ።

በማግስቱ እትዬ ጥሩ ቦዩን ይዘው ወደ ላይ እየጮሁ መጡ። እሳቸውም በዚያ ዓመት አኩሪ አተር ነበር የዘሩት፤ እንደ እኔው ማሳ ፍሬ የሚሞላበት ሰዓት ላይ ነበር።

«ውሃዬን ማን ጠለፈው? የማርያምን ውሃ የጠለፈ እጅ እንዴት አድሮ ይሆን? ኧረ ሰዎች፣ ኧረ የሰው ያለህ!»

አያ ወርቁ ተጠርተው መጡ። ቦዩን እየተከተሉ ሲያዩ እርጥብ ጭቃ የተለጠፈው በአያ ደምሌ ማሳ አፍ ላይ ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። እኔም ነበርኩ፤ ሴቶቹ መሐል ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ ነበር።

«ደምሌ፣ በማርያም ዕለት የት ነበርህ?» አሉ አያ ወርቁ።

«ከቅዳሴ መልስ ጎኔን አሞኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«አቤት፣ ሕመሙም ቀን ያውቃል!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

አያ ወርቁ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «አንቺስ ተማሪዋ? ያየሽው ነገር አለ?»

«ጎንደር ሄጄ ነበር» አልኩ።

ልብ በሉ፤ ጎንደር ሄጄ ነበር። ውሸት አይደለም። ተመልሼም ነበር፤ በዋዜማው መንገድ ላይ ያገኙኝ አያ ወርቁ ግን ዳግም የሄድኩ መስሏቸው ያንን አልጠየቁኝም። ጠንቃቃ ሰው እንዲህ ነው የሚዋሸው፤ እያንዳንዱን ቃል እውነት አድርጎ።

አያ ደምሌ ጥምጣማቸውን አወለቁ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «ይህን ውሃ በእጄ ከፍቼ፣ ወይም ሲከፈት አይቼ ዝም ብዬ እንደሆነ፣ እመቤቴ ልጆቼን ትንሣኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም የሚናገረው አልነበረውም፤ የደምሌ መሐላ ነውና። ነገሩ ሊያበቃ ትንሽ ነበር የቀረው። እኔም በዚያች ሰዓት ተረፍን ብዬ አሰብኩ። «ተረፍን» አልኩ በልቤ፤ እሳቸውንም ከእኔ ጋር አንድ ላይ ቆጥሬ።

አላበቃም። እህሉ ደረሰና ተወቃ። በየመደቡ ለየብቻ እያስወቃሁ ናሙናዬን በከረጢት ስይዝ አያ ወርቁና እትዬ ጥሩ አውድማው ድረስ መጡ። እትዬ ጥሩ በነጠላቸው ጫፍ የራሳቸውን አኩሪ አተር ቋጥረው ይዘው ነበር። ፈትተው አሳዩን። ትንንሽ፣ የተጨማደደ፣ ግማሹ አረንጓዴ። ምርቱን የሚገዛው የገበሬዎች ማኅበር ለዘር አልቀበልም ብሎ መልሶባቸዋል። አያ ወርቁ ጎንበስ ብለው ውሃ ከተከለከሉት መደቦች ከወጣው ክምር አንድ እፍኝ ዘገኑ። ፍሬው ድብልብል፣ ቢጫ፣ እኩል ነበር።

«ይህ ውሃ የተከለከለው ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«መቼ ነው የተከለከለው?»

«ፍሬ መሙላት ሲጀምር።»

«አንቺ የተማርሽበት ነው። አኩሪ አተር ያኔ ውሃ ሳያገኝ እንዲህ ይሞላል?»

አያ ደምሌ ከጎኔ ቆመው ነበር። መንሹን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። ያ አስተያየታቸው ክስ አልነበረበትም፤ የተማረች ልጅ አንድ ምክንያት ታውቅልኛለች ብለው ነው ያዩኝ።

«አይሞላም» አልኩ።

እውነት ነው፤ አይሞላም። አንድም ስሕተት የለበትም። በሕይወቴ ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ ትክክለኛ መልስ የመለስኩበት ቀን ያ ነው። በዚያ መልስ ነው አያ ደምሌ በማርያም ደጅ በሐሰት የማለ ሰው የሆኑት። የተረፈው እህል የእሳቸው ነው፤ ዶማው የእሳቸው ነው፤ የቦዩ አፍ የእሳቸው ነው፤ ሌላ ማን ሊባል ይችላል? አያ ወርቁ እፍኙን ወደ ክምሩ መልሰው እጃቸውን አራገፉ። «እኔስ ውሃው አይደለም የገረመኝ» አሉ ቀስ ብለው፤ እኒያ ጯሂ ሰው ቀስ ብለው! «በልጆችህ መማልህ ነው።»

ለምን ዝም አልኩ? ዓይን አፋር ስለሆንኩ ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሌላ ነው። ከተናገርኩ ውሃው በማይገባበት መደብ መግባቱ ይታወቃል፤ የዓመቱ ሙከራዬ ይሰረዛል፤ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም። ይህን በደንብ አስቤበታለሁ። በአውድማው ላይ፣ ያችን «አይሞላም» ከማለቴ በፊት ባለችው አፍታ አስቤዋለሁ። ሰው በድንጋጤ ያደርገዋል አትበሉኝ።

የመመረቂያ ጽሑፌንም ጻፍኩ። ውሃ የጠጡትን መደቦች እንዳልጠጡ አድርጌ አስገባኋቸው። የፍሬው ክብደት፣ ፕሮቲኑ፣ ዘይቱ ሁሉም በቤተ ሙከራ በትክክል ተለክቷል፤ ልኬቱ ውስጥ ውሸት የለም። ውሸቱ «ውሃ የተቋረጠበት» የሚለው ስም ነው። ፍሬ ሲሞላ ውሃ ቢቋረጥም ጥራቱ ብዙ አይጎዳም ብዬ ደመደምኩ። የእትዬ ጥሩን ቋጠሮ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ይህን ጻፍኩ! ይህን ጽሑፍ ለአማካሪዬም እልክላቸዋለሁ፤ ያ ድምዳሜ ሐሰት መሆኑን ይወቁት። ማንም ገበሬ በእሱ ተመክሮ ውሃውን እንዳያቋርጥ።

ዘንድሮ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ማክሰኝት ገበያ ሄድኩ። አያ ደምሌ በግ ይዘው ከከብት ተራው ዳር ተቀምጠዋል። ሸብተዋል። ስጠራቸው መጀመሪያ አላወቁኝም፤ ከዚያ ብድግ አሉ።

«ውይ፣ ተማሪዋ! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ከተማው አያበላም እንዴ?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያየሁ፣ ቃላቱ እየተሰባበሩብኝ፣ ከዶማው እስከ አውድማው ነገርኳቸው። የበጉን ገመድ በእጃቸው እያጠቀለሉ ሰሙኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ ደምሌ።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ አለመክፈቴን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እኔማ አውቀው የለ!» ገመዱን ፈቱትና መልሰው አጠቀለሉት። «የማልኩበት ቦታ ሄደሽ ተናገሪ። ወርቁ ይስማ፣ ጥሩ ትስማ፣ ያ ሁሉ ሰው ይስማ። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ ነይና እንነጋገርበታለን፣ አንቺ ልጅ።»

«እሺ» አልኩ።

በዚህ መሐል አንድ ገዢ መጣና የበጉን ጥርስ ገልጦ አየ፣ ወገቡን ጨበጠ። «አባቴ፣ ሕመም የለበትም? እስቲ ይማሉልኝ» አለ።

አጠገባችን ፍየል ይሸጥ የነበረ የሠፈራቸው ሰው ሳቀ። «ኧረ ወንድሜ፣ እሳቸውንስ አታስምላቸው!» አለ። «ሌላ ዋስ ፈልግ፤ የእሳቸው መሐላ ከማርያም ደጅ አልተመለሰም።» በዙሪያው ያሉትም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ የለመዱት ቀልድ ነው። ብዙ ጊዜ እንደተሳቀበት ያስታውቃል።

አያ ደምሌ ወደ እኔ አዩ። መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አያስፈልግም፣ ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም፤ «እኔ ነኝ የከፈትኩት» ማለት ብቻ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? በጉን አየሁ። የበጉን ጀርባ፣ በጀርባው ላይ የተጣበቀውን ጭድ አየሁ። ገዢው ሄደ። እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተሰናብቼ ሄድኩ። አያ ደምሌ «በሰላም ግቢ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ማርያም መጥታ ሄዳለች። እሄዳለሁ ብዬ ጠዋት ልብሴን ለብሼ፣ ደጅ ወጥቼ፣ ተመልሻለሁ። እናም ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእናንተ መንገር የቀለለኝ ስለማታዩኝ ነው። ፊታችሁን አላየውም፤ ስጨርስ ማንም አይስቅም፣ ማንም ቀስ ብሎ አይናገረኝም። ስለዚህ ይህን ንስሐ ብላችሁ አትቁጠሩልኝ። በዚያ ቦይ የሚያጠጣ ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ ወይም የሚያውቅ ካለ፣ ያንብብላቸው፤ አያ ደምሌ ውሃ አልጠለፉም፣ በሐሰትም አልማሉም። ቦዩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እዚህ መጻፍ ችያለሁ፤ እዚያ ቆሜ አላልኩትም። እስክለው ድረስ ማንም ይቅር አይበለኝ።